ራዲዮ ዝም ያለችበት ሳምንት

ሙሽሪት፣ አማቷ እንደማይወዷት የደመደመችው ከገባች ሳምንት ሳይሞላት ነበር። ሴትየዋ አይሳደቡም፣ አይቆጡም፣ ፊታቸውንም አያጠቁሩባትም። ብቻ አይናገሩም። ጠዋት «ደህና አደርሽ» ካሉ ማታ «ደህና እደሪ» እስኪሉ ድረስ በመካከል ያለው ቀን ጭር ያለ ሜዳ ነው። ምግቡ ጨው ሲበዛበት ዝም። ጨው ሲያንሰው ዝም። ሙሽሪት ደግሞ ያደገችው እህትማማች ሁሉ ባንድ ላይ እያወራ፣ እንዲያም ሆኖ ሁሉም በሚደማመጥበት ቤት ስለነበር ዝምታው እንደ ትንኝ ጆሮዋ ሥር ይጮኽባት ጀመር።

«እናትህን ምን በደልኳቸው?» አለችው ባሏን አንድ ቀን ልብስ እያሰጣች።

«ምንም። እናቴ እንዲህ ናት» አላት። እሱ ከከተማው ዳር ባለው የአናናስ እርሻ ላይ ትራክተር ነጂ ነው፤ ከሞተር ጋር ሲጯጯህ ስለሚውል የሚስጥር ወሬ እንኳ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የሚያወራው። «እኔን ስትወልደኝም ድምፅ አላሰማችም አሉ። አዋላጇ ቤት የተሳሳተች መስሏት ጎረቤት ሄዳ ‹ምጥ የያዛት እዚህ ናት ወይ?› ብላ ጠይቃለች።»

ወቅቱ ደረሰ። አናናሱ ሲበስል ከተማው በሙሉ ይጣፍጣል፤ ነፋስ በእርሻው በኩል ከመጣ በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ምራቁን ይውጣል። አናናሱን በቆርቆሮ የሚያሽገው ፋብሪካም በዚያ ሰሞን ሁለት እጅ ያላትን ሴት ሁሉ ይቀጥራል። አንድ ምሽት ራት ተበልቶ ሲያበቃ አማቷ ሳህናቸውን አንስተው ሄዱና በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ነገ ከእኔ ጋር ትመጫለሽ። ጸጉርሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ።»

ሙሽሪት በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ሰምታ አታውቅም።

ፋብሪካው ውስጥ እንፋሎት ነው፣ ጩኸት ነው፣ የሚያሟልጭ ወለል ነው። ሌሎች ሴቶች እርሻው ላይ ከእሾሃም ቅጠል መካከል የለቀሙት አናናስ በአንደኛው በር ይገባል፤ ማሽን ልጣጩን ይገፈዋል፣ እንብርቱን ያወጣዋል። ከዚያ በረጅም የጎማ ቀበቶ ላይ እየተንሸራተተ ግራና ቀኝ ተሰልፈው በቆሙ ሴቶች ፊት ያልፋል። እነሱም ማሽኑ የሳታቸውን ቡናማ ነጥቦች፣ ዓይን ይሏቸዋል፣ በትንሽ ቢላዋ እየነቀሉ ያሳልፉታል። ከነሱ ቀጥሎ ያሉት ደግሞ የተቆረጠውን እየመረጡ ቆርቆሮ ውስጥ ይደረድሩታል። ለሙሽሪት ቆብ፣ ሽርጥ፣ ቦት ጫማና የጎማ ጓንት ተሰጣት። ጓንቱ በደህናው ዘመን ጓንት ነበር፤ አሁን ግን ግማሾቹ ጣቶች ጫፍ የላቸውም፤ በመዳፉም በኩል ውጪውን ያሳያል።

ከአማቷ ጎን ቆመች። ቀበቶው መንቀሳቀስ እንደ ጀመረ ከማዶ አንዲት ባለ ወርቅ ጥርስ ሴት፣

«ራዲዮ፣ ምነው ዛሬ ዘገየሽ? ክፈቺልና» አለች።

ሙሽሪት ራዲዮው የት እንዳለ ለማየት አንገቷን አሰገገች። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ወዲያው ከጎኗ፣ በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀው ሞቅ ያለ፣ የተሞረደ ድምፅ ተነሣ።

«ውድ አድማጮቻችን፣ እንደምን አደራችሁ። በመጀመሪያ የአገር ውስጥ ዜና። ልጄ ሚስት አግብቷል። ሚስቲቱ ቆንጆ ናት፤ እሱ ግን ገና ስላላመነ ከእንቅልፉ እየነቃ መብራት አብርቶ ያያታል። በምግብ ዜና፣ ትናንት ከየጎረቤቱ ጨው ተሰብስቦ በአንድ ድስት እንዲገባ ተደርጓል። የሞተ የለም። የተጠማ ግን አለ።»

አማቷ ናቸው። ዓይናቸው ከአናናሱ አልተነሣም፤ ከንፈራቸውም አይንቀሳቀስም። ሴቶቹ ከዳር እስከ ዳር በሳቅ ተንከተከቱ። የሙሽሪት ቢላዋ ከእጇ አምልጦ ቀበቶው ላይ ወደቀና ካንዱ አናናስ ጋር ተያይዞ ሄደ፤ ታችኛዋ ሴት አንስታ በእጅ በእጅ አቀባብለው መለሱላት።

ከወዲያ ጫፍ ፊሽካ ተነፋ። ተቆጣጣሪው ነበር፤ አንገቱ ላይ ካንጠለጠላት ፊሽካ የተነሣ ስሙም ፊሽካ ሆኖ ቀርቷል። ሥራ ላይ ማውራት ክልክል ነው የሚል ሕግ ያወጣውም እሱ ነው።

«ማነው የሚያወራው?»

«ማሽኑ ነው ጌታዬ» አለች ባለ ወርቅ ጥርሷ። «ዘይት ጠምቶት ነው።»

ፊሽካ ማሽኑን ጠጋ ብሎ አዳመጠው። ከዚያ የሆነ ነገር የገባው ሰው መስሎ ምሰሶው ኋላ ሄደና እዚያው ቆመ።

ሙሽሪት የዚያን ቀን ከጠላትነት ያላነሰ ነገር ስትጠረጥርበት የነበረውን ቤት በአዲስ ዓይን ማየት ጀመረች። አማቷ ሁሉንም አይተው ኖሯል፤ ጨዉንም፣ ባሏ መብራት የሚያበራውንም። ቤት ያዩትን የሚያወሩት ግን እዚህ ነው። በሰሞኑ ትራስ ከበላች ፍየል ጀምሮ ብዙ ነገር ሰማች። ፋብሪካው ጣራ እንጂ ግድግዳ ባልነበረው ዘመን ማሽን የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ ልጣጩን የሚገፍፉት፣ እንብርቱን የሚያወጡት፣ ሳጥኑን በራሳቸው የሚሸከሙትም ሴቶች እንደነበሩ፣ የወለደችም ልጇን ባዶ የአናናስ ሳጥን ውስጥ አስተኝታ ትሠራ እንደነበረ።

«የእኔውም ያደገው ሳጥን ውስጥ ነው» አሉ አማቷ። «ጸጉሩ እስከ ዛሬ እንደ አናናስ ቅጠል ቀጥ ብሎ የሚቆመው ለምን ይመስላችኋል?»

ሙሽሪት ዜናው ሲያልቅባቸው «ከዚያስ?» እያለች ስለምታስቀጥላቸው ሴቶቹ ባትሪ የሚል ስም አወጡላት። ቤት ሲገቡ ግን በሩን እንዳለፉ ራዲዮው ጥርቅም ይላል።

«እማማ፣ ቤት ለምንድነው የማያወሩት?» አለቻቸው አንድ ቀን ደፍራ።

«ቀኑን ሙሉ የሠራ አፍ አይረፍ?» አሉና የሽንኩርቱን ቅርጫት ወደሷ ገፉት።

ችግር የሆነው እጃቸው ነው። የአናናስ ጭማቂ ሲበሉት ማር ነው፤ ሲሠሩበት ግን እሱ ነው የሚበላው። በተቀደደው ጓንት ገብቶ ጣት ያብጣል፣ ጥፍር ሥር ይቆስላል፣ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ይወድቃል። ሙሽሪት ወቅቱ ሳይጋመስ አዝራር መቆለፍ አቃታት። አማቷ ያለ ቃል ከፊቷ ተቀምጠው እጇን በቅባት ሲያሹላት፣ የራሳቸው መዳፍ እንደ ብረት ሞረድ ሻካራ መሆኑን ያኔ ልብ አለች።

አዲስ ጓንት አልጠፋም ነበር። መጋዘኑ ውስጥ በገመድ ጥንድ ጥንዱን ታስሮ ተደርድሯል። ሴቶቹ ለፊሽካ ሲነግሩት መልሱ አንድ ነው፤

«እሱ የእንግዳ ነው።»

እውነቱን ነው። ከባሕር ማዶ ገዢዎች ሲመጡ ጓንቱ ጠዋት ይታደላል፣ እንግዶቹ አይተው አድንቀው ይሄዳሉ፣ ማታ በር ላይ የመጋዘን ጠባቂው በቅርጫት ይሰበስበዋል። በነጋታው ሴቶቹ ወደ ቀዳዳቸው ይመለሳሉ።

አሁንም እንግዳ ሊመጣ ነው ተባለ። ምሳ ሰዓት ላይ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው እያንዳንዷ የመሰላትን ስትናገር ሙሽሪት፣

«እንግዳ ሲመጣ እኮ ይጨበጣል» አለች።

«ታዲያስ?» አለች ባለ ወርቅ ጥርሷ።

«በጓንት ደግሞ ሰው አይጨበጥም። ነውር ነው። የጨዋ ልጅ አይደለንም እንዴ?»

ከዚያ ባለ ወርቅ ጥርሷ ወርቁ እስኪታይ ሣቀች። «ባትሪ ሞልታለች» አለች። ንግግር ካስፈለገ ራዲዮ እንድትናገር ተስማሙ፤ ማን ይወዳደራታል?

የእንግዶቹ ቀን ወለሉ ታጥቦ፣ ፊሽካ ክራቫት አስሮ፣ አዲሱ ጓንት ታድሎ ሁሉም ተሰለፈ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ሽማግሌዎችን፣ አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ሴትና አስተርጓሚ አስከትሎ ገባ። ሴትየዋ የአንደኛው ገዢ ሚስት ናት። ከመጀመሪያዋ ሠራተኛ ፊት ሲደርሱ ሠራተኛዋ ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችና ጭማቂ የሚንጠባጠበውን እጇን ዘረጋች። እንግዳ ምን ያደርጋል? ጨበጠ። ሁለተኛዋም አወለቀች። ሦስተኛዋም። ፊሽካ ከኋላ በዓይኑ ቢያስፈራራም አንዷም አላየችው፤ ሁሉም እንግዳ በማክበር ላይ ናቸው።

መሐል ሲደርሱ የእንግዶቹ እጅ እርስ በርሱ መጣበቅ ጀምሯል። አንደኛው ሽማግሌ ዓይኑን አሸና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን ቢያቀብል መሐረቡም ተጣበቀ። ባርኔጣ ያደረገችው ሴት ግን የአማቷን እጅ እንደያዘች ቀረች። ገለበጠችው፤ መዳፉን አየች፣ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ተናገረች።

«እጅሽ ምን ሆኖ ነው? ትላለች» አለ አስተርጓሚው።

የራዲዮ ሰዓት ደረሰ። አማቷ አፋቸውን ከፈቱ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን ወደሳቸው አዞረ። አፋቸው እንደተከፈተ ቆየና ተዘጋ። ሙሽሪት ያንን ፊት አወቀችው፤ ቤት ውስጥ የምታየው ፊት ነው።

«ቆዳቸው ስስ ነው» አለ ፊሽካ ቶሎ ብሎ። «የተፈጥሮ ነገር ነው።»

ሙሽሪት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ ብላ፣

«ጓንት ስለሌለን ነው» አለች። የራሷ ድምፅ ከሩቅ የመጣ መሰላት። «ይኸኛው የተሰጠን ዛሬ ነው። ማታ እንመልሰዋለን።» ጥንዱ የታሰረበት ገመድ ከአንደኛው ጓንት ላይ ገና እንደተንጠለጠለ ነበር፤ ብድግ አድርጋ አሳየች። «አሮጌው ደግሞ ይኸውና፤» ከሽርጧ ኪስ አውጥታ በቀዳዳው ውስጥ ጣቷን አሳልፋ አወዛወዘችው።

አስተርጓሚው ሥራ አስኪያጁን ቀና ብሎ አየ። መተርጎሙን ተወው፤ መተርጎምም አላስፈለገም። ባርኔጣ ያደረገችው ሴት ጓንቱንም፣ ገመዱንም፣ የሙሽሪትን ጣትም አይታ ጨርሳለች። ወደ ባሏ ዞራ የተናገረችው አጭር ነበር፤ የሰውየው ፊት ግን ረዘመ። ሥራ አስኪያጁ እንደ በሰለ አናናስ ቢጫ ሆነ።

የዚያን ዕለት ማታ ጠባቂው ቅርጫቱን ይዞ በር ላይ አልቆመም። ሴቶቹ አዲሱን ጓንት እንዳጠለቁ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ መንገድ ላይ ያገኛቸው ሰው ሁሉ ቀዶ ጥገና ያለ መሰለው።

አማቷ ግን አልሣቁም። ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ ሙሽሪት ከኋላ። ወደ ሰፈራቸው የሚወስደው የድንጋይ መንገድ ላይ ሲደርሱ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«አፌን ያዘኝ።»

«ይሁና እማማ። ምን አለበት።»

«የልጄ አባት ነፍሱን ይማረውና ክፉ ሰው አልነበረም። እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ግን ሳወራ ‹ጨረስሽ?› ይለኝ ነበር። ስጀምር ‹ጨረስሽ?› በኋላማ ልጀምር አፌን ስከፍት ‹ጨረስሽ?› ይለኛል። ያ አስኪያጅ ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር እንዲያ ያለኝ መሰለኝ።» ጥቂት ሄዱ። «ቤቱ ውስጥም አሁን ድረስ የሚለኝ ይመስለኛል። ሞኝነት ነው።»

ሙሽሪት አጽናኝ ቃል ፈለገች። መጨረሻ ላይ የመጣላት የለመደችው ነበር።

«ከዚያስ?» አለች።

አማቷ ቆም ብለው አዩዋት። ከዚያም መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ ነገሯት፤ እንዴት እንደተጋቡ፣ እንዴት ፋብሪካ እንደገቡ፣ መጀመሪያ ያሣቋት ሴት ማን እንደነበረች። በሩ ጋ ሲደርሱ ገና አልጨረሱም ነበርና ደጃፉ ላይ ቆመው ጨረሱ። ባልየው መስኮት ላይ ሆኖ እናቱ እጃቸውን እያወናጨፉ ሲያወሩ ቢያይ ሰው የተጣላቸው መስሎት ሮጦ ወጣ።

በነጋታው ፊሽካ ሙሽሪትን ከሰልፉ አስወጣት። ጓንቱን ማስመለስ አልቻለም፤ ያን እንግዶቹ ጨርሰውታል። እሷን ግን ከጓሮ፣ ልጣጭና እንብርት የሚጣልበት ክምር ጋ መደባት። እዚያ ሽታው ያሰክራል፣ ዝንብና ንብ ይርመሰመሳል፣ ሰው ዝር አይልም። አካፋ ይዛ ልጣጩን ወደ ጋሪ ስትጭን ትውላለች። ባለ ወርቅ ጥርሷ ሄዳ ብትለምን፣

«ወሬኛ ስለሆነች ነው» አላት ፊሽካ። «ማውራት ክልክል ነው ብያለሁ። ሕግ ሕግ ነው።»

ይህን አማቷ ሰሙ።

«ማውራት ክልክል ነው አለ?» አሉ። «ደግ። ዝም ማለትንማ ለእኔ ተዉት።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ራዲዮ ተዘጋ። ሌሎቹም ተዘጉ። ከቀበቶው ግራና ቀኝ አንዲት ቃል አትሰማም። ሳል እንኳ ሲመጣባቸው ወደ ውስጥ ይስላሉ። ፊሽካ ደስ አለው፤ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ተንጎራደደ። ደስታው ግን እስከ ምሳ አልዘለቀም። ሴቶቹ ለካ የሚሠሩት በወሬው ነበር፤ ሳቁ ሲነሣ ቢላዋው ይፈጥናል፣ ዜናው ሲያጓጓ እጅ አይደክምም። አሁን ጭጭ ባለው አዳራሽ ውስጥ እንፋሎቱ እንቅልፍ ሆነባቸው። ባለ ወርቅ ጥርሷ ቆማ አንቀላፋች፤ አናናሱ ከነዓይኑ እያፈጠጠ አለፋት። ቀበቶው ጫፍ ላይ ፍሬው ተከመረ፣ ተንከባለለ፣ አንዱ የፊሽካ ጫማ ላይ አረፈ።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ፊሽካ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩት። ተመልሰው አጎነበሱ።

በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ፊሽካ ፊሽካውን መንፋት ተወ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሲነፋው ራሱ ይደነግጣል። ሥራ አስኪያጁ ቆርቆሮ ለምን አነሰ እያለ ይጠራዋል። ምሰሶው ኋላ ቆሞ ይጠብቃል፤ ምን እንደሚጠብቅ አንዷም አልጠየቀችውም። ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ከምሰሶው ወጥቶ ከአማቷ ጎን፣ ሙሽሪት ትቆምበት ከነበረው ባዶ ቦታ መጥቶ ተገተረ።

«እትዬ» አለ፤ ከዚያ በፊት ‹አንቺ› እንጂ እትዬ ብሏቸው አያውቅም። «ዛሬም ዜና የለም?»

አማቷ ካንዱ አናናስ ዓይን ነቀሉ።

«ያቺ ፍየል ነገር» አለ ፊሽካ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጎረቤትዎን ትራስ የበላችው። ዳኛ ፊት ትቀርባለች ብለው ነበር። ከዚያ ምን ሆነች?»

ከዳር እስከ ዳር ቢላዋዎች ቆሙ። ለካ ሰውየው ይህን ሁሉ ዘመን ምሰሶው ኋላ የሚቆመው ለመቆጣጠር አልነበረም። ባለ ወርቅ ጥርሷ ሳቋን ለመዋጥ ሽርጧን ነከሰች።

አማቷ ረጋ ብለው ጓንታቸውን አስተካከሉ። «ራዲዮው ባትሪ የለውም» አሉ። «ባትሪው ጓሮ ነው።»

ፊሽካ ጥቂት ቆመና ሄደ። ሲመለስ ሙሽሪት ከኋላው ነበረች፤ ቆቧ ላይ ልጣጭ፣ ግንባሯ ላይ ንብ የነደፈው እብጠት። ቦታዋ ቆመች። ቢላዋዋን አቀበሏት።

«ፍየሊቱ» አሉ አማቷ፣ «ዳኛው ፊት ቀርባ የተባለችውን ሁሉ በዝምታ አዳመጠች። ከዚያም የክሱን ወረቀት በላችው።»

ፋብሪካው በሳቅ ተናወጠ። ምሰሶው ኋላም አንድ ሰው ሲስቅ ተሰማ፤ ሁሉም እንዳልሰማ ሆነ።

በዚያ ወቅት ጓንት እያረጀ ሲሄድ እየተቀየረ ዘለቀ። እጃቸው ጨርሶ ባይድንም ሙሽሪት አዝራሯን መቆለፍ ቻለች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ቆመው መዋል መረራቸውና መቀመጫ እንጠይቅ ተባባሉ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ እንዲገቡ የተመረጡት አማትና ምራት ናቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ አማቷ የሙሽሪትን ክንድ ያዙ።

«እኔ እጀምራለሁ» አሉ። «ካቃተኝ አንቺ ትቀጥያለሽ።»

«እሺ እማማ። ከጎንዎ ነኝ።»

ገቡ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን ወደነሱ አዞረ። ሙሽሪት ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን አማቷ ቀደሟት። በቀስታ ጀመሩ፣ ስለ ጉልበት ሕመም። ከዚያ ስለ እግር እብጠት። ከዚያ ቆሞ ስለሚያንቀላፋ ሰው፣ ከዚያም ስለ ሥራ አስኪያጁ ወንበር፣ ምን ያህል እንደሚመችና እሳቸው ወለሉን ሊያጥቡ የገቡ ዕለት ተቀምጠው እንደሞከሩት። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ ሊያቋርጥ ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ገና ነኝ ጌታዬ» አሉት። ከደጅ ሴቶቹ መስኮቱ ሥር ተሰብስበው ጆሯቸውን ለጥፈዋል፤ ፊሽካም አብሮ ነበር።

መቀመጫው ተፈቀደ። ሙሽሪት ግን የመናገር ተራዋን ስትጠብቅ ቆማ ዋለች።